ሁለተኛው ዓይን

በእናቴ ስም አልቀልድም፤ ይህ የሆነ ነገር ነው።

ባለፈው ኅዳር፣ ደብረ ታቦር፣ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ። ሌሊትም አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው... ውጭ ባጃጅ ይንጫጫል።

የምስራች እባላለሁ። ጅዳ ሰው ቤት እየሠራሁ ሳለ እናቴ ሞተች። አልቀበርኳትም። የነበረችኝ አንዲት ፎቶዋም ከጠፋው ስልኬ ጋር ቀረች። ተመልሼ ስመጣ መልኳ ከልቤ እየደበዘዘ ነበር። ጨርሶ ሳይጠፋ ልሳላት ብዬ እርሳስና ደብተር ገዛሁ።

ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ ሳልኩ። አፍንጫዋ መጣልኝ። አገጯም መጣልኝ። ሁለቱ ዓይኖቿ ግን እኩል አልሆን አሉኝ። አንዱ ይተልቃል፣ አንዱ ይንጋደዳል። ስንቱን ወረቀት በንዴት ቀደድኩ።

በመጨረሻ ታከተኝ። ወደ ጎን አዙሬ ሳልኳት... በአንድ ዓይን።

ቁርጥ እናቴ ሆነች። አለቀስኩ።

ወስጄ ለመሪጌታ ወርቁ አሳየሁ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚስሉ፣ እርሳስ አያያዝ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ናቸው። አዩት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማን ናት?»

«እናቴ ናት፣ የኔታ።»

«በጎን፣ በአንድ ዓይን የምንስለው ማንን ነው ብዬሽ ነበር?»

ነግረውኛል። ቅዱሳን ፊት ለፊት ነው የሚሳሉት። በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣን ነው።

«ሁለቱ ዓይን እምቢ ብሎኝ እኮ ነው...»

«ቅደጂው፣ ልጄ። ዛሬውኑ።»

አልቀደድኩትም። ስምንት ወር የለፋሁበትን እንዴት ልቅደድ? ደብተሩን ከእርሳሱ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት። ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት።

በማግስቱ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፈትኩት።

አፍንጫዋ ትንሽ ወደ እኔ ዞሯል... ዓይኔ ነው የሸወደኝ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከአፍንጫዋ ማዶ የሽፋሽፍት ጫፍ ብቅ ብሏል። በላጲስ ፈገፈግኩት። ወረቀቱ ሳሳ እንጂ መስመሩ አልለቀቀም።

በምላጭ ቀርጬ ያስቀመጥኩት እርሳስ ዶልዱሟል።

በሰባተኛው ቀን ስከፍተው...

ፊት ለፊት እያየችኝ ነው። ሁለቱ ዓይኖች እኩል ናቸው። እውነቱን ልናገር፣ ከፍርሃቴ የቀደመው ንዴት ነው። ስምንት ወር ያቃተኝን ማን በሰባት ቀን ጨረሰው?

እኔ የሳልኩትን ግማሽ በእጄ ሸፍኜ ሌላውን ብቻ አየሁ።

እናቴ አይደለችም።

ደብተሩን ልዘጋ ስል አንድ ገጽ ተገለጠ። ባዶ መሆን ነበረበት። ዓይን ሞልቶበታል... ሁሉም ነጠላ ዓይን፣ ሁሉም በጎን። የላይኞቹ የተንጋደዱ ናቸው፤ እንደኔ በንዴት ተሰርዘዋል። ወደ ታች ሲወርዱ እየተስተካከሉ፣ እየተስተካከሉ ሄደዋል።

የመጨረሻው አልተሰረዘም። ቅንድቡ ላይ አጭር ጠባሳ አለ።

እጄን ወደ ቅንድቤ ሰደድኩ። ጠባሳዬ እዚያው ነው... ጅዳ እያለሁ ምድጃ ያቃጠለኝ።