የማይፈተሸው ጓዳ

ፋይሉ ጠፋ።

ጂንካ፣ የአስጎብኚዎቹ ማኅበር ቢሮ በጩኸት ሊፈርስ ነው። እንግዳ በድረ ገጹ ሲመጣ ለባለተራው አስጎብኚ ስልክ የሚደውለው የማኅበሩ ባለሙያ የሩሃማ ፕሮግራም ነበር። የባለተራዎቹ ስልክ የተጻፈበት ፋይል አሁን ከፎልደሯ የለም። ቱርሚም ይሁን ዱስ የሚሄደው እንግዳ ሁሉ ባሮክ የሚባለው አስጎብኚ ጋ ይደርሳል።

"ባሮክ ስንት ጉቦ አበላሽ?" አሏት ሊቀመንበሩ ጋሽ ፈለቀ።

የሩሃማ ደም ፈላ። ፍላሽ ፍለጋ ቦርሳዋ ወለል ላይ ተገልብጧል። ሌባ ከተባለች በዚህች ከተማ ማን ሥራ ይሰጣታል?

መጀመሪያ የተያዘው አስጎብኚው ሚልክያስ ነበር፤ "ተራዬን አዛባሽ" ብሎ ሰድቧት ነበርና። ፋይሉ በጠፋ ቀን ግን ኦሞራቴ እንግዳ ይዞ ነበር። ተለቀቀ። ቀረች እሷ።

ለምርመራ የመጣው ፖሊስ፣ ሳጅን ዶላሞ፣ አገጩን አከከ። ኮምፒውተር የሚያውቀው ደብዳቤ ሲታተምለት ብቻ ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ፋይሉ ከጠፋ ፕሮግራሙ ለምን አልቆመም?"

ሩሃማ ልትመልስ አፏን ከፍታ ዘጋችው።

"ወደ ላይ ወጥቶ ነዋ!" አለች። "ፕሮግራሙን የጻፍኩበት ጃቫስክሪፕት ላይ ፋይል የምትፈልግ ትንሽ መሣሪያ አስገብቻለሁ። እንደ ልጅ ናት። ከቤቷ ያጣችውን ከአባቷ ቤት ትጠይቃለች፤ እዚያም ካጣች አያቷ ጋ ትወጣለች። መጀመሪያ ያገኘችውን ታምናለች።"

"ታዲያ አባትየው ማነው?"

"ከእኔ ፎልደር በላይ ያለው... የጋሽ ፈለቀ ፎልደር ነው።"

የእሷን ቦርሳ ሲገለብጡ የዋሉ ሰዎች የሊቀመንበሩን ፎልደር አልነኩም። እሷም አልነካችም። የትልቅ ሰው ጓዳ ይፈተሻል እንዴ? ነውር ነዋ!

"ይክፈቱት፣ ጋሼ" አለ ሳጅኑ።

"እኔን? በሽምግልናዬ?"

"ይክፈቱት!" አለች ሩሃማ፣ ጠረጴዛውን መትታ።

ጋሽ ፈለቀ ከእሳቸው በቀር ማንም የማያውቀውን የይለፍ ቃል ጻፉ። በዚያው ስም ፋይል ቁጭ ብሏል። በሁሉም ስም ትይዩ አንድ ስልክ፤ የባሮክ።

"መሣሪያዋ ወደ ላይ እንደምትወጣ ያስረዳሁዎ እኔ ነኝ!" አለች ሩሃማ።

"ባሮክ የእህቴ ልጅ ነው" አሉ አንገታቸውን ደፍተው። "መኪናው ደጄ ቆማ ዶሮ ዕንቁላል ትጥልባት ጀመር። ተራ ሲጠብቅ ይሽበት?"

"እኔስ? እኔ ልታሰር ነበር እኮ፣ አንተ!"

"አንቺ ልጅ ነሽ፤ ይረሳልሻል ብዬ..."

ሳጅኑ በሩን ከፈተ። እንደ ልማዱም ለትልቅ ሰው መንገድ ለቀቀ።

"ወደ ጣቢያ ይቅደሙ፣ ጋሼ።"

ጋሽ ፈለቀ ሲያልፉ ቦርሳዋን የገለበጡት ሰዎች በሙሉ ብድግ አሉላቸው።

ሩሃማ ወለሉ ላይ ዕቃዋን እየለቀመች ቀና አለች።

"ቁጭ በሉ!"