የአባዬ የብረት እግሮች

ትርሲት ዛሬ ቁርሷን አልበላችም።

አባዬ ጣሪያ ሲሠራ ወድቆ ጀርባው ተጎድቷል። ከዚያ ወዲህ እግሮቹን «ተነሱ» ቢላቸው አይነሱም፤ «ሂዱ» ቢላቸው አይሄዱም።

ዛሬ ግን ሆስፒታል ውስጥ አንድ ማሽን ይጠብቀዋል። ሰው የሚያራምድ ማሽን!

እማዬ የአባዬን ተሽከርካሪ ወንበር ገፋች። ትርሲት የእማዬን ቀሚስ ጭምድድ አድርጋ ይዛ ተከተለች።

ሆስፒታል ሲደርሱ ማሽኑ ጥግ ላይ ቆሟል። ትልቅ ነው! የብረት እግሮች አሉት፤ ራስ ግን የለውም።

«አባዬን ይዞ ባይለቀውስ?» አለች ትርሲት በልቧ።

አባዬን የምታለማምደው ሲስተር ፈትለወርቅ መጣች። «ጋሼ፣ ዝግጁ ነዎት?»

የማሽኑን ቀበቶ ወገቡ ላይ አሰረች። ጠቅ! ጭኖቹ ላይ አሰረች። ጠቅ! ቁርጭምጭሚቶቹ ላይ አሰረች። ጠቅ!

«ባይለቀውስ?»

ማሽኑ አባዬን ወደ ላይ ሳበው። እዝዝዝዝ! አባዬ ከወንበሩ ተነሳ።

ትርሲት ረስታው ነበር። አባዬ ለካ ረጅም ነው!

ከዚያ የብረት እግሮቹ ተንቀሳቀሱ። እዝዝ... ጧ! እዝዝ... ጧ! የአባዬም እግሮች አብረው ተራመዱ።

«ይዞት ሊሄድ ነው!» ብላ ጮኸች ትርሲት። «አባዬን ልቀቀው!»

ማሽኑ አልመለሰላትም። ማሽን አይደል?

«አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ የትም አይወስደውም» አለቻት ሲስተር። «ይህን ቀይ ቁልፍ ስጫነው ቀጥ ይላል።»

ትርሲት ቀስ ብላ ቀና አለች። የአባዬ ግንባር በላብ ርሷል፤ የማሽኑን ብረት ጭምድድ አድርጎ ይዟል።

አባዬም ፈርቷል!

አሁን ምን ይሻላል? ትርሲት አሰበች፣ አሰበች። ሕፃን ለመቆም ሲንገዳገድ ሰው ሁሉ ምን ይለዋል?

እጇን አጨበጨበች። «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!»

አባዬ ከት ብሎ ሳቀ። እማዬ ደግሞ እያለቀሰች አጨበጨበች። «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!»

እዝዝ... ጧ! እዝዝ... ጧ!

ሲስተር ቀዩን ቁልፍ ተጫነች። ማሽኑ ቀጥ አለ።

ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ! ቀበቶዎቹ ተፈቱ። አባዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ትርሲትም እቅፉ ውስጥ ሽጉጥ አለች።

«ለቀቀህ?»

«ለቀቀኝ።»

ሲመሽ፣ ቤታቸው ውስጥ፣ ትርሲት አልጋው ላይ ከአባዬ ጎን ተጋደመች።

«አባዬ፣ ያለ ማሽኑ ትራመዳለህ?»

«እንጃ፣ የኔ ልጅ። እሞክራለሁ።»

«ትፈራለህ?»

«ትንሽ።»

«እኔም ትንሽ።»

አባዬ ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጎ አለበሳት። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እየፈሩ፣ ተቃቅፈው ተኙ።