ግማሽ ሕክምና

ሚሞሪ ካርዱ ከምላሱ ሥር ነበር።

የሱስ ክሊኒኩ ግቢ በጠያቂ ተሞልቷል። አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀምጠው ብርቱካን የሚልጡት ሰውዬ ለዘበኛው «የበሽተኛው አጎት ነኝ» ብለው ነው የገቡት። በእውነቱ ግን አለቃው ናቸው። «ሰርዶ» የሚለውን የምስጢር ስም ያወጡለትም እሳቸው ነበሩ።

ሰርዶ ክሊኒኩ የገባው በሽተኛ መስሎ ነው። መስሎ ማለትም ያስቸግራል። እዚህ ደም ስለሚመረመር መሥሪያ ቤቱ ለወራት መርፌ እየወጋ የእውነት ሱሰኛ አድርጎታል። ሥራውን ሲጨርስ ሕክምናውን ሊያስጨርሱት ቃል ገብተዋል። ሐኪሟ የማከሚያ ማሽኗን መግነጢስ ግንባሩ ላይ አስደግፋ፣ ማሽኑ ቀጭ ቀጭ እያለ አንጎሉን ሲነካካለት ሰንብቷል። አምሮቱ እየበረደ ነበር። ካርዱ ውስጥ ያለው የማሽኑ ልክ ነው፤ የቱ ጋ፣ በምን ያህል ኃይል እንደሚመታ። ሐኪሟ ለጠላት ልትሸጠው ነው ተብሎ ነበር የተላከው።

«አገኘኸው?»

አፉን ሊከፍት ሲል አለቃው ሳቅ አሉ። ደስ ሲላቸው ወሬ አይቋጥሩም።

«ሴትዮዋ እንኳ ምስኪን ናት፤ ልትሸጥም አላሰበች። እኛ ግን ገልብጠን እንሠራበታለን። አምሮት የሚያጠፋ ነገር ማቀጣጠልም አያቅተውም። አልናገርም የሚል እስረኛ ከእንግዲህ አይኖርም።»

ሰርዶ ካርዱን በምላሱ ይበልጥ ወደ ሥር ገፋው። አምሮት ሲነድ ምን እንደሆነ ያውቃል። መርፌ ይወጉት በነበረበት ሰሞን ለአንዲት መርፌ ብሎ የገዛ እናቱን አሳልፎ በሰጠ ነበር።

«ገና ነው፤ አሁን አመጣዋለሁ» አለ።

«ቶሎ በል። እሷንም ይዘናት ነው የምንሄደው።»

አልሮጠም። የሚሮጥ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል።

ሐኪሟ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ማሽኑን ከፍታ የካርዱን ባዶ ቦታ እያየች ነበር። ካርዱን ከአፉ አውጥቶ ሁሉንም ባጭሩ ነገራት። አልደነገጠችም።

«ገና የመጣህ ቀን ነው ያወቅኩህ። የምትጠቀመው በቀኝ እጅህ ነው፤ የመርፌው ጠባሳ ግን በሙሉ ቀኝ ክንድህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ነው የወጋህ።»

«ታዲያ ለምን አከሙኝ?»

«ሱሱማ የእውነት ነበራ።»

ሌላ ቅጂ የላትም። እንደገና ልፈልገው ብትል ዓመታት ይፈጅባታል። የእሱም ሕክምና ግማሽ ላይ ከተቋረጠ አምሮቱ ሳምንት ሳይሞላ እንደሚመለስ ነገረችው።

ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ተሰማ።

«በልብስ ማጠቢያው በኩል ይውጡ» አላት።

ካርዱን አንዴ አየችው፤ ወጣች።

ተረከዙ ሥር አድርጎ ረገጠው። ደግሞ ረገጠው።

አለቃው ሲገቡ ሐኪሟ ካርዱን ሰብራ በዋናው በር ከጠያቂዎች ጋር መውጣቷን ነገራቸው። ሰዎቻቸውን በስልክ ወደዚያ ላኩ። ከዚያ ስብርባሪውን በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አድርገው ዓይን ዓይኑን አዩት። ያመኑት አይመስልም።

«ይሁን። እኛ ባናገኘውም ማንም አያገኘውም፤ ሥራው አልቋል።»

ስለ ሕክምናው ጠየቃቸው። ለሕፃን ከረሜላ እንደሚሰጥ ሰው፣ ሲወጉት የነበረውን ዕፅ የያዘች አንዲት ብልቃጥ ኪሱ ውስጥ ከተቱለት።

«ለሳምንት ትበቃሃለች። ስታልቅ ትመጣለህ፤ ሥራ አለን።»

ያኔ ገባው። ሊያድኑት አስበው አያውቁም። እሱን የሚያስሩበት ገመድ ሱሱ ነበር፤ ደግሞ ማን ገመዱን በገዛ እጁ ይበጥሳል?

ከጠያቂዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ወጣ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተሰለፈ። ማንም ልብ አላለውም። አጠገቡ የቆሻሻ በርሜል ነበር። ብልቃጧን አውጥቶ ከበርሜሉ አፍ በላይ ያዛት። ጣቶቹን ሊከፍት ታገለ።

አውቶቡሱ መጣ፤ ሰዉ ተገፋፋ።

ሲሳፈር እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። ብልቃጧን ጨብጧታል።