ጨጓራ ነው በልልን

ወንድሜ «ልታከም» ብሎ በጠየቀን በአስራ አንደኛው ቀን የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ወሰዳቸው። ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። የሱም ብቻ አይደለም። በእነዚያ አስራ አንድ ቀናት እናቴ፣ አክስቴና እኔ ምን ስንሠራ እንደነበር ልንገራችሁ፤ በብዙ ቤት ዛሬም ያው እየተሠራ ነውና።

ወንድሜ የቤት ዕቃ አናጺ ነው። የሥራ ጓደኞቹ «ሚሊሜትር» ይሉታል። እሱ የገጠመው የቁምሳጥን በር በአንድ ጣት ሲነኩት ይዘጋል፤ ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው። መጠጥ የጀመረው እንደ ብዙ ሰው ከሥራ በኋላ ነበር። ቀስ በቀስ ከሥራ በፊት ሆነ። በመጨረሻ ጠዋት ሁለት ሦስት ጉንጭ ካልወሰደ እርሳስ መያዝ አቃተው። ቤታችን ይህን ያውቃል፤ ስሙን ግን አይጠራውም። እናቴ «ሰውነቱ ደክሟል» ትላለች። የእናቴ ታላቅ እህት፣ ከትምህርት ቤት ጸሐፊነት ጡረታ የወጣችው አክስቴ፣ «የጓደኛ ነገር ነው» ትላለች። እኔ ደግሞ የተማርኩት ልጅ ነኝና ጠዋት ጠዋት እጨቃጨቃለሁ፤ ከዚያ ረፈደብኝ ብዬ እወጣለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልብስ ስተኩስ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። አንድ በር ሦስት ጊዜ ለክቶ ሦስት የተለያየ ቁጥር እንዳገኘ ነገረኝ።

«አንቺ ልጅ፣» አለኝ፣ «እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። የሚታከምበት ቦታ ካለ ውሰጂኝ።»

በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲል የመጀመሪያው ነው። ካውያውን ነቅዬ ስልኬን አነሳሁ። ሦስት ቦታ ደውዬ ሦስቱም ወደ ሌላ መሩኝ። በአራተኛው፣ ከቤታችን በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ በሚያስኬደው የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ የሱስ ሕክምና ክፍል እንዳለ አወቅሁ። ያነጋገረችኝ ነርስ ቆፍጠን ያለች ነበረች። ሦስት ሳምንት ተኝቶ ይታከማል፣ ከዚያ በየሳምንቱ እየተመላለሰ ይታያል፣ በመሥሪያ ቤቱ በኩል የጤና መድን ካለው ወጪውን መድኑ ይሸፍናል አለችኝ። ሐሙስ አንድ አልጋ ይለቀቃል። የሚያስፈልገው ከሰፈራችን ጤና ጣቢያ «የአልኮል ሱስ» ተብሎ የተጻፈ ሪፈር ብቻ ነው። እስከዚያ ቤት ዘግታችሁበት በአንዴ እንዳታስቆሙት፣ አንቀጥቅጦ ሊጥለው፣ ሊገድለውም ይችላል ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ስድስት ዓመት ያስጨነቀን ነገር በአንድ ጠዋት ስልክ ያለቀ መሰለኝ።

ረቡዕ አራት ሆነን ጤና ጣቢያ ሄድን። ካርድ ክፍል የምትሠራው ሴት ጎረቤታችን ናት፤ አጥራችን አንድ ነው። አክስቴ በመስኮቱ በኩል ስታያት ፊቷ ተለዋወጠ። ጤና መኮንኑ ወንድሜን መርምሮ፣ ጠያይቆ እስክሪብቶውን ሲያነሳ አክስቴ ወንድሜን ውጭ ተቀመጥ አለችውና በሩን ገፋ አደረገችው።

«ልጄ፣» አለችው ጤና መኮንኑን፣ «ጨጓራ ነው በልልን።»

ጨጓራ ብሎ ከጻፈ የሚታከመው ጨጓራው እንደሚሆን በትዕግሥት ነገራት።

«ታዲያ ጨጓራውስ ደህና ነው እንዴ? ውሸት ጻፍ መች አልኩህ። አንዴ ሱሰኛ ተብሎ ከተጻፈ ማን ሥራ ይሰጠዋል? የትኛዋስ ታገባዋለች? እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፋይል ይዣለሁ፤ ወረቀት ሰውን እስከ የት እንደሚከተል አውቃለሁ።»

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። ውጭ ሰልፉ ረዝሟል፤ ሰውየውም ደክሞታል። ሁለት ጊዜ እምቢ አለ። በሦስተኛው «የጨጓራ ሕመም» ብሎ ጽፎ ማኅተም መታበት። ወረቀቱን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ሆስፒታል ስንደርስ በአፌ አስረዳለሁ ብዬ ዝም አልኩ። የተማረ ሰው ሞኝነት ይሄ ነው፤ ሁሉንም ነገር በማስረዳት የሚያስተካክለው ይመስለዋል።

ሐሙስ የሆስፒታሉ መዝጋቢ ወረቀቱን አነበበችና «ሁለተኛ ፎቅ፣ ውስጥ ደዌ፣ ቀጠሮው ከአርባ ቀን በኋላ» አለችን። አስረዳኋት። በስልክ ያነጋገረችኝ ነርስ ራሷ ወርዳ መጣች። መድኑ የሚከፍለው ለተጻፈው ሕመም እንደሆነ፣ ወረቀቱን አስተካክለን እንድንመጣ፣ አልጋውን እስከ ነገ ቀን ስድስት ሰዓት ብቻ እንደምትይዝልን ነገረችን። ወንድሜ ፒጃማውንና የጥርስ ብሩሹን በፌስታል ይዞ ነበር የመጣው። እንደያዘው ተመለሰ።

ቤት ስንደርስ እናቴን ለመንኳት። እናቴ አክስቴን አየቻት። አክስቴ ሌላ መላ ነበራት፤ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ማንም የማያውቀን አንድ የግል ማገገሚያ። ደወልኩ። ሐኪም አላችሁ ወይ ስለው ሰውየው «ሲያስፈልግ ይጠራል» አለኝ። ከወጣ በኋላስ ማን ይከታተለዋል ስለው «እኛ አጽድተን ነው የምንመልሰው» አለኝ፤ ልብስ አጣቢ ይመስል። ስም አንጠይቅም፣ ክፍያው ግን ሙሉው በቅድሚያ ነው አለ። አክስቴ ስም አይጠይቁም የሚለውን ብቻ ሰማች። ክፍያው የወንድሜ የስምንት ወር ደመወዝ ነበር። እናቴ ለመበደርና ፍሪጁን ለመሸጥ ላይ ታች ማለት ጀመረች። ከአፍንጫችን ሥር በነጻ የሚገኘውን ትተን፣ ሐኪም የሌለበትን ለመግዛት ቤት መሸጥ ቀረን።

አርብ ስድስት ሰዓት አለፈ። አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኛበት።

ወንድሜ ወደ ሥራው ተመለሰ። በየምሽቱ ከውጭ ሲገባ ጫማውን እያወለቀ «መቼ ነው?» ይላል። «በቅርቡ» እንለዋለን። ቅዳሜ ጠየቀ፣ እሁድ ጠየቀ፣ ሰኞና ማክሰኞም ጠየቀ። ረቡዕ ጫማውን አውልቆ ምንም ሳይናገር ወደ ክፍሉ ገባ። እናቴ «ተመስገን፣ እየተረጋጋ ነው» አለች። እኔም ጭቅጭቅ ስለቀረልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ከምሳ በፊት የወርክሾፑ ባለቤት ደወለ።

ቤታችሁ ውስጥ የሚጠጣ፣ የሚያጨስ ወይም ክኒን የሚውጥ ሰው ካለ «እሺ፣ ልታከም» የሚልባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ያ ቀን ሳይመጣ የት እንደምትወስዱት እወቁ። መድኑ ይከፍል እንደሆነ፣ ነጻ ቦታ ካለ ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቁ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሐኪም አለ ወይ፣ ከወጣ በኋላ ማን ያየዋል በሉ። ሕመሙንም በስሙ አስጽፉ። ሐፍረቱ የእናንተ ነው፤ ዋጋውን ግን የሚከፍለው እሱ ነው።

ወንድሜ ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ቀን ጠያቂ ሳሎናችንን ሞላው። እሱ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ትራስ ላይ አድርጎ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። አክስቴ ለገባው ሁሉ ማሽኑ ተበላሽቶ እንደነበር፣ ባለቤቱ ንፉግ ስለሆነ እንዳላስጠገነው ታወራለች። ለአምስተኛ ጊዜ ስትጀምር የካርድ ክፍሏ ጎረቤታችን ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ተዪው በቃ፣» አለቻት። «ይሄ ሰፈር የማያውቀው ምን አለና? ጠዋት ጠዋት አጥራችንን ተደግፎ ሲያስመልስ ውሃ የማቀብለው እኔ አይደለሁ እንዴ? ካርዱ ላይ ጨጓራ የሚል ሳይ፣ እነዚህ ሰዎች ልጁን ከማን ነው የሚደብቁት አልኩ።»

አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ። የደነገጠ ሰው ግን አልነበረም። ሁሉም ያውቁ ነበር። አልጋውን የሰጠነው፣ ጣቶቹን የከፈልነው፣ ለሌለ ምስጢር ነው።

እናቴ ተነስታ ሶፋው አጠገብ ተንበረከከች።

«ልጄ፣ አሁን ልውሰድህ?»

ወንድሜ ፋሻውን አየ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ሶፋው መደገፊያ አዞረ።

«ያኔ ጠይቄሽ ነበር እኮ፣ እማ።»

እናቴ ተነስታ ሹራቧን ለበሰች፣ የመድን ካርዱን ከመሳቢያ አወጣች። ጤና ጣቢያው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶታል።

«ሰው ተቀምጦ ወዴት ነው?» አለቻት አክስቴ።

«ልጄ ሱሰኛ ነው፣ እንዳለ ጻፍልኝ ልለው።»

«እሱ እንደሆነ እሺ አላለም።»

«እሺ ሲል ወረቀቱ እጄ ላይ ይገኛል።»

አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የት ሄደች ብለው ቢጠይቁኝስ ምን ልበል?»

«ማን ይጠይቅሻል? ሁሉም እዚሁ ተቀምጠው እየሰሙሽ ነው።»

ወጣችና በሩን ዘጋችው።