ከባዶው መደብ የመጣ ሳል

ጂን ያዘኝ፣ ሙት ጠራኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ፊት ለፊት ትዋሻለህ ነው የምለው፣ ዛሬም እላለሁ። ወታደር ነበርኩ፣ ጓደኞቼን በእጄ ቀብሬያለሁ፣ አንዳቸውም ተነስተው ውሃ አጠጣን ብለውኝ አያውቁም። ፊደል የቆጠርኩት መንግሥት ተቀይሮ ሜዳ ላይ ከተጣልን በኋላ፣ ጎልማሳ ሆኜ፣ በማታ ትምህርት ነው፣ ከዚያ ወዲህም ያነበብኩት የጥገና መጽሐፍ እንጂ ተረት አይደለም። ይህን የምነግርህ፣ ወዳጄ፣ ቀጥሎ ያለውን ስትሰማ ሰውየው ነካ አድርጎታል እንዳትል ነው። ካልክም ያንተ ጉዳይ ነው።

ሐረር፣ ሸዋ በር አጠገብ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የምጠግንባት ጠባብ ቤት ነበረችኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ስር ስራቸው ያልኩት ባለሙያዎች ሁሉ ዋናው ቦታ ላይ ሲደርሱ ጀርባቸውን ያዞሩብኝ ነበር፣ ሲጋራ ግዛ ብለው የሚልኩኝም ልክ ያኔ ነው፣ ስመለስ ክዳኑ ተገጥሞ ይጠብቀኛል። እኔም እያበላሸሁ ተማርኩ፣ በሰው ዕቃ ማለት ነው፣ እና ቂሙ እስካሁን አልለቀቀኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐጂያ ኑሪያ የሚባሉ የጀጎል ሴት መጡ። ልጃቸው ፈቲያ መኪና ገጭቷት እግሮቿ ከከዷት ወዲህ ከቤት አትወጣም፣ የምትጫወተው ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ጌም ነበር። ጌሙ ለጃፓን አገር የተሠራ አሮጌ ዕቃ ነው፣ በጅቡቲ በኩል የገባ፣ እና የእነሱ ዕቃ ከእኛ ቴሌቪዥን ጋር አይግባባም፣ ምስሉ ወደ ላይ ይንከባለላል፣ ቀለሙም ጠፍቶ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። አባቷ የእጅ ባለሙያ ስለነበሩ ከፍተው፣ ውስጡን ለውጠው፣ ከእኛ ቴሌቪዥን ጋር አስማሙላት። እሳቸው ካረፉ በኋላ ግን ምስሉ እንደገና መንከባለል ጀመረ። አንድ ጠጋኝ አይቶ ጣሉት ብሏቸዋል፣ ፈቲያ ደግሞ አባቴ የሠራው ዕቃ ከቤት አይወጣም ብላለች።

«እርስዎ ይምጡልን» አሉኝ ሐጂያ። «ይህ ከጠፋ ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትውለው፣ ወላሂ ጀምራለች።»

ሄድኩ። ይህን ያህል ዓመት ሐረር ኖሬ ጀጎል ውስጥ የሰው ቤት ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር፣ እመነኝ፣ የጠራኝ አልነበረማ። መቀመጫው ደረጃ ደረጃ የሆነ መደብ ነው፣ ነደባ ይሉታል፣ ሶኬቱ የሚቀርበው በስተቀኝ ካለው ከፍ ካለው መደብ ስለነበር ጫማዬን አውልቄ እዚያ ላይ ዘርፈጥ አልኩ። ሐጂያ ደነገጡ። ይቅርታ ጠይቀው፣ ያ የአባወራው ቦታ እንደሆነ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሰው እንዳልተቀመጠበት ነገሩኝ። ለባዶ ቦታ ብዬ እየተነጫነጭኩ ወርጄ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ፈቲያ ከፍራሿ ሆና ታየኛለች። «ጋሼ፣ ጌሙ ይቆይ፣ መጀመሪያ ፊትዎን ያስተካክሉት» አለችኝ። ልስቅ ነበር፣ ግን አልሳቅኩም።

ሐጂያ የአስር ሶላት ሊሰግዱ ወደ ጓዳ ገቡ። ጌሙን ከፈትኩት። እንዴት ያለ ብየዳ መሰለህ፣ እያንዳንዷ ጠብታ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ክብ፣ እንዲህ የሚሠራ ሰው እዚሁ ከተማ እየኖረ ሳላውቀው መሞቱ አናደደኝ። አይሲ በምንለው አንድ ባለብዙ እግር ጥቁር ቁራጭ ላይ አንዲት እግር ከቦርዱ ተነስታ ቆማለች። ይኸው በሽታው አልኩ፣ በእኛ ሙያ የተነሳች እግር ካየህ መልሰህ ትበይዳታለህ፣ ሌላ ነገር ማሰብ አይታወቅም። መበየጃውን አግዬ አስጠጋሁ።

ከኋላዬ ሰው አሳለ። ሁለት ጊዜ፣ ደረቅ ሳል።

ዞር አልኩ፣ መደቡ ባዶ ነው። የጎረቤት ነው ብዬ እንደገና አስጠጋሁ፣ እንደገና ሁለት ጊዜ፣ አሁን ቅርብ ነው፣ የመደቡ ምንጣፍም ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው ሲጥ አለ። ፈቲያን አየኋት። እሷ የምታየው እኔን አልነበረም፣ መደቡን ነበር።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያንሱ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

አነሳሁ። ያኔ ነው ያየሁት፣ ከሥር አንዲት ፀጉር የመሰለች ሽቦ ተበጥሳ ወድቃለች፣ ጫፏ የፈቲያ አባት ወደገጠሙት ትንሽ ስዊች የሚሄድ ነው። የአይሲውን እግር ያነሷት ራሳቸው ናቸው፣ ሆን ብለው፣ ምስሉን ከእኛ ቴሌቪዥን ጋር የምታስማማው እሷ ናት። ቦርዱ ላይ መልሼ በይጃት ቢሆን አይሲውን አቃጥዬው ነበር፣ ሌላ ደግሞ የትም አይገኝም። ሽቦዋን ከተነሳችው እግር ጋር ቀጥዬ ቴሌቪዥኑን ሳበራው ምስሉ መንከባለሉን ተወ። ቀለም ግን የለም። ቀለሙን የሚቆጣጠረው ክሪስታል አጠገብ በካቻቢቴ የምትዞር ትንሽ ነገር አለች፣ ነካኋት፣ ወደ ግራ ሳዞር አሳለ፣ ወደ ቀኝ ሳዞር ዝም፣ ትንሽ ሳሳልፍ አሳለ፣ መለስ ሳደርግ ዝም። ላቤ አፍንጫዬ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ዞሬ ሳላይ፣ ዝም ወዳለበት ወዳለበት ሄድኩ። ድንገት ሰማዩ ሰማያዊ ሆነ፣ ሣሩ አረንጓዴ ሆነ። ፈቲያ መጫወቻውን በሁለት እጇ ያዘች፣ እንባዋ እየወረደ ትጫወት ጀመር።

ሐጂያ ከጓዳ ዝንጅብል በማር አፍልተው ይዘው ወጡ። ቀለሙን አይተው አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ከዚያ ብርጭቆውን ሰጡኝ።

«ስሰግድ ሲያስሉ ሰማሁዎት» አሉኝ። «ይጠጡት፣ አይናቁት። ባለቤቴም እንዲሁ ሁለት ሁለት ጊዜ ነበር የሚያስለው፣ የወሰደውም ያው ሳል ነው።»

እኔ አንድም ጊዜ አላሳለኝም ነበር። ጠጣሁት እንጂ ምን እላለሁ፣ ስጠጣም ወደ ባዶው መደብ ጎንበስ አልኩ፣ ሐጂያ ለእሳቸው መስሏቸው መረቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሆነ። በሕይወቴ ሥራ ሲያሳየኝ ጀርባውን ያላዞረብኝ አንድ ሰው ነው፣ እሱንም ዓይኔ አላየውም፣ ማን ነበር ብለህ ብትጠይቀኝ አላውቅም ነው የምልህ፣ ግን እግዜር ይስጠው። አሁን ሙያ ልማር ብሎ የሚመጣ ሰው ሲኖር አጠገቤ አስቀምጬ፣ ክዳኑን ከፍቼ አሳየዋለሁ። ታዲያ መበየጃውን የማይሆን ቦታ ሲያስጠጋ፣ አፌን ሳልከፍት፣ ሳላስበው፣ ከደረቴ ሳል ይወጣል። ሁለት ጊዜ፣ ደረቅ። ሌላ ጊዜ ጨርሶ አያስለኝም። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፣ በመሣሪያም በጆሮም አዳመጠኝና ደረትህ ንጹህ ነው፣ ምንም የለህም አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩ። ሐኪሙ ለእሱ ያልኩት መሰለው።