ስም ያልወጣለት መንገድ

በመንፈስ፣ በጥላ፣ በሕልም ፍቺ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም። ሥራዬ የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ጥገና ነው፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በሮክቪል ስንቱ ሰው «ቤዝመንቴ ውስጥ የሚያቃስት ነገር አለ» ብሎ እንደጠራኝ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፣ ጠበል ያስረጩም ነበሩበት፣ ሄጄ ሳየው ግን ሁልጊዜ የላላ ብሎን ወይም የተቀደደ የአየር ቱቦ ነው። እንዲያውም እኔ የምታማው በተጠራጣሪነት ነው፣ ሚስቴ ሰናይት «አንተ እኮ ሐኪሙንም መታወቂያ ከመጠየቅ አትመለስም» ትለኛለች።

ለመጠራጠሬ ግን ምክንያት አለኝ። እናታችን ባሕር ዳር ስታርፍ እኔ እዚህ ወረቀቴ ገና አላለቀም ነበር፣ «አሁን ቢሰማ ይጎዳል፣ መሄድም አይችል» ተባለና መርዶው የተነገረኝ አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው፣ በእነዚያ አርባ ቀናት በደወልኩ ቁጥር «ደህና ናት፣ ተኝታ ነው» ይለኝ የነበረው ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ስዩም ነው። ሦስት ዓመት አኮረፍኩት። ስንታረቅ አንድ ነገር አስማልኩት፣ ከእንግዲህ ክፉም ይሁን ደግ እንዳይደብቀኝ፣ እሱም «በቃ፣ ምንም ቢመጣ ራሴ እነግርሃለሁ» አለኝ።

ስዩም ፈረንሳይ ገጠር ከገባ ቆይቷል፣ ሊሞዥ ከሚባል ከተማ ወጣ ብሎ ነው። እንደ ባሕር ዳር ልጅነቱ ብስክሌት ነፍሱ ነው፣ እኔን በልጅነቴ ከኋላው አፈናጦኝ ሲበር ወድቀን አፍንጫዬ የተሰበረውም በእሱ ጦስ ነው፣ እስከ ዛሬ ትንሽ ስደክም ትንፋሼ ያፏጫል። ስኳሬ ከፍ ብሎ ሐኪሙ እንቅስቃሴ አድርግ ሲለኝ፣ ብስክሌቴን ቤዝመንት ውስጥ ከማይንቀሳቀስ ማቆሚያ ላይ አሰርኩ፣ ስዩም ደግሞ እጀታው ላይ ካሜራ እየገጠመ የሚነዳበትን መንገድ ቀርጾ ይልክልኝ ጀመር፣ እኔ ላፕቶፑን ፊቴ አስቀምጬ ያንኑ እያየሁ እነዳለሁ። እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ መንገድ አይታችሁ አታውቁም፣ ይወርዳል ይወጣል፣ ይወርዳል ይወጣል፣ ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦው ማዶ ቀያይ ላሞች፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ የምታዩት አንድ ትራክተር ቢሆን ነው። «ካርታው ላይ ቀዩን መንገድ ሽሽ፣ ነጩንና ቀጭኑን ያዝ፣ መኪና የማያውቀው እሱ ነው» ይለኛል። እያንዳንዱን ቪዲዮ በሚያልፍበት መንደር ስም ይሰይመዋል። እሱ ራሱ አይታይም፣ የሚታየው መንገዱ ብቻ ነው፣ ዳገት ላይ ግን «ቀስ ብለህ ና፣ አትቸኩል» ሲል ይሰማል። በመስከረም ሄጄ አብረን ልንነዳ ትኬት ቆርጬ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው በነሐሴ ነው። ሰኞ ዕለት ለምርመራ ደም ሰጥቼ ነበር። ረቡዕ ማታ ሰናይት ስልኬን «ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ ላሠራልህ» ብላ ወሰደችው፣ የተሰነጠቀው ካቻምና ነው። ሐሙስ ዋይፋዩ ጠፋ፣ ልጠግነው ብል «ተወው፣ ካምፓኒውን ኮል አድርጌያለሁ፣ ሰኞ ይመጣሉ» አለችኝ። ወደ ክፍል በገባሁ ቁጥር ወሬ ይቋረጣል። ዓርብ ደግሞ ከሥራ ስገባ፣ ጋሽ ተፈራ፣ የእድራችን ሊቀ መንበር፣ ከወንዙ ማዶ ከአሌክሳንድሪያ ድረስ ያንን የዓርብ ትራፊክ ችለው መጥተው ሳሎኔ ተቀምጠዋል።

«በደህና ነው ጋሽ ተፈራ?» አልኳቸው።

«በደህና ነው ልጄ፣ እንዲያው በዚህ ሳልፍ ነው» አሉኝ። ከአሌክሳንድሪያ ወዴት ሲሄዱ ነው በእኔ በር የሚያልፉት?

«መድኃኒትህን ትወስዳለህ?»

«እወስዳለሁ።»

«ምሳ በልተሃል? ሰናይት፣ ይብላ እንጂ፣ አቅርቢለት።»

እኔ ምን ጠረጠርኩ መሰላችሁ? የራሴን ሞት። የደሙ ውጤት መጥቶ፣ ሐኪሙ ለሚስቴ ነግሯት፣ እነሱ እንዴት እንንገረው እያሉ ነው አልኩ። ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ፣ በገዛ ሞቴ እንኳ የመጨረሻው ሰሚ ልሆን ነው? «መጣሁ፣ ትንሽ ልንዳ» ብዬ ወደ ቤዝመንት ወረድኩ፣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

ላፕቶፑን ስከፍት አንድ አዲስ ቪዲዮ አለ። ስም የለውም፣ የመንደር ስም የሚሆንበት ቦታ ባዶ ነው። ዋይፋዩ ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው፣ ቀደም ብሎ የገባ ይሆናል ብዬ አለፍኩት፣ ከፈትኩና መርገጥ ጀመርኩ። ማለዳ ነው፣ ጉም አለ፣ መንገዱ ይወርዳል ይወጣል። የጎማ ድምፅ አለ፣ ትንፋሽ አለ፣ «ቀስ ብለህ ና» የሚል ግን የለም። ሁለተኛውን ዳገት ስጨርስ ከፊቴ ብስክሌት የሚነዳ ሰው አየሁ።

ጀርባውን አውቀዋለሁ። ባለፈው ገና የላክሁለትን ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሷል፣ ግራ ትከሻውን ዘንበል ያደርጋል፣ ስዩም ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ጓደኛ አግኝቶ አስቀረጸ ብዬ። ከዚያ ደከመኝና እግሬን ቀስ ሳደርግ፣ እሱም ቀስ አለ። ቆምኩ፣ አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ ቆመ። የእኔ ብስክሌት ከላፕቶፑ ጋር በምንም አይገናኝም፣ ሽቦ የለው፣ ምን የለው። እንደገና ረገጥኩ፣ እሱም ሄደ።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ መስቀለኛ መንገድ አለ፣ ጥጉ ላይ እንደ ሽበት ያለ ሻጋታ ያወጣ የድንጋይ መስቀል ቆሟል። ስዩም ወረደ፣ ብስክሌቱን አስደገፈ፣ የቀኝ ጓንቱን አውልቆ ድንጋዩ ላይ አኖረ፣ ተቀመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ካሜራውን አላልኩም፣ እኔን።

«አልኩህ አይደል፣ ራሴ እነግርሃለሁ ብዬ» አለኝ፣ በዚያው ቪዲዮው አለቀ።

የአየር ማራገቢያውን ከፍ አድርጌ፣ እነሱ እንዳይሰሙኝ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁና ያቀረቡልኝን ሁሉ በላሁ፣ ሰናይት እስክትገረም።

ሊነጋጋ ሲል ደረጃዬን የሚወጣ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ደወሉን ሳይነኩ ከፈትኩላቸው፣ ሰባት ሰዎች ናቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ ጋሽ ተፈራ ከፊት ናቸው።

«ስዩም ነው አይደል?» አልኳቸው።

ያዘጋጁት ንግግር አፋቸው ላይ ቀረ። «ማን ነገረህ?» አሉና ዞረው ሰናይትን አዩዋት።

«እመቤቴን፣ እኔ ትንፍሽ አላልኩም» አለች እያለቀሰች። እስከ ዛሬ ድረስ እድሩ እሷን ነው የሚጠረጥረው፣ እሷ ደግሞ ስልኳን በርብሮ ነው ብላ እኔን።

ስዩም ያረፈው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ያገኘው ጎረቤቱ የሆነ ገበሬ ነው፣ መስቀለኛው መንገድ ላይ፣ ከድንጋዩ መስቀል ሥር እንደተቀመጠ፣ አንድ ጓንቱ ድንጋዩ ላይ ነበር አሉ፣ የገደለው ልቡ ነው። ካሜራውስ ብዬ አስጠየቅሁ። ካሜራው ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ባትሪው ወጥቶ ቻርጅ ላይ።

ከሠልስቱ በኋላ ቪዲዮውን ለልጄ ለሊያ አሳየኋት፣ እዚህ የተወለደች ነርሲንግ የምትማር ልጅ ናት፣ ከእኔ የባሰች ተጠራጣሪ። ከፈትነው። ጉሙ አለ፣ መንገዱ አለ፣ ሰው የለም። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ባዶ መንገድ፣ መጨረሻው ላይ ካሜራው መስቀሉ ፊት ይቆማል፣ ድንጋዩ ላይ ጓንት አለ፣ ድምፅም የለም፣ ከትንፋሽ በቀር። ሊያ መለሰችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ደገመችው።

«ዳድ፣ ዚስ ኢዝ ዩ» አለችኝ። «ፎቅ ሆኜ ኤቭሪ ዴይ እሰማው የለ፣ ያንተ አፍንጫ ነው።»

አዳመጥኩ። ያፏጫል።

የላላውን ብሎን ፈልጌያለሁ፣ እመኑኝ፣ ላፕቶፑን ፈትቼ ገጥሜዋለሁ፣ እኔ ስነዳ ትንፋሼን ቀድቶ ይሆናል ብዬ ሌሎቹን ቪዲዮዎች አንድ በአንድ ሰምቻለሁ፣ በእነሱ ላይ ያለው የስዩም ትንፋሽ ነው። ወንድሜ ቃሉን ጠብቋል፣ በእሱ ላይ የቀረ ቅሬታ የለኝም፣ ይናፍቀኛል ብቻ። ሰናይት ትኬቱን ሰርዘው ትላለች፣ አልሰርዘውም። ፈረንሳይን በእግሬ ረግጬ አላውቅም፣ ያንን መንገድ ግን አሁን ካርታ ሳልይዝ እነዳዋለሁ፣ እያንዳንዱን ዳገት አውቀዋለሁ። የማላውቀው መስቀሉ ጋ ስደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረሴ መሆን አለመሆኑን ነው።