ሞተሩ እስኪሞቅ

«ኮፈኑን ንኪው እስቲ፤ አሁንስ?»

ድንቢጥ እርጥቡን ጨርቅ ገለጥ አድርጋ መዳፏን በመኪናዋ ኮፈን ላይ አሳረፈች። «ለብ ብሏል አባዬ።»

«ለብ አይበቃም። ጨርቁን እንደገና ነክረሽ አልብሺው።»

አባቷ ይህን ሲል ዐይኗን አላየም። በማለዳ ተነሥቶ መኪናዋን ሊያሳጥባት ወስዷት ነበርና ሞተሯ ግሎ ነው የተመለሰችው። ገዢዋ የምትመጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ሁለት ተኩል ሆኗል። ገዢዋ ከመድረሷ በፊት ሞተሩ መቀዝቀዝ ነበረበት። ለምን እንደሆነ በዚህ ቤት ሁሉም ያውቃል፤ ከበሩ ውጭ ግን ማንም አልሰማም።

መኪናዋ ቀዝቃዛ ስትሆን እንደ በግ የዋህ ናት። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ከሠራች በኋላ ግን፣ ቆማም ይሁን እየሄደች፣ ድንገት እልም ትላለች። ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ድንጋይ ይሆናል፣ ፍሬኑም ይጠጥራል። ከዚያ በኋላ እስክትቀዘቅዝ ድረስ ብትለምናት፣ ብትቆጣት አትነሣም። ሦስት መካኒኮች አይተዋታል። ሦስቱም የተለያየ ዕቃ ቀየሩላት፣ ሦስቱም «በቃ፣ አሁን ድናለች» ብለው እጃቸውን ጠረጉ።

ድንቢጥ ጨርቁን በባልዲው ውኃ ነክራ ጨመቀችው። ስሟ ድንቢጥ የሆነው ስትወለድ ከአንድ ክንድ ስላልበለጠች ነው። አሁን ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷም ከእናቷ ጋር ተስተካክሏል፤ ስሙ ግን የሚላቀቃት አይመስልም።

መኪናዋ የተገዛች ቀን ትዝ ይላታል። ከውዶቹም ከርካሾቹም ያልሆነች፣ መካከለኛ ዋጋ ያላት፣ ግን እንደ ጀልባ ረጅምና ሰፊ የቤት መኪና ነበረች። ጎረቤቶች በር በራቸው ላይ ወጥተው «ሰፈራችን ሚኒስትር ገባበት እንዴ?» እያሉ ቀለዱ። አባቷ ሥራው የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት ነውና ሌላ ሰው የሰፋው ወንበር ላይ መቀመጥ ሞት መሰለው። ወንበሮቹን ሁሉ አውጥቶ ሁለት ወር ሙሉ በራሱ እጅ ሰፋቸው። ከኋላ በቀኝ በኩል፣ ድንቢጥ የምትቀመጥበት ላይ፣ አንድ ተጨማሪ ስፖንጅ ደረበበት። «አንቺም እንደ ሰው መንገዱን እንድታዪ» አላት።

በዚያው ዓመት ድንቢጥ በስልክ ላይ አንድ ገጽ አገኘች። ተመሳሳይ መኪና ያላቸው ሰዎች ያዩትን፣ የደረሰባቸውን፣ የወደዱትንና የጠሉትን የሚጽፉበት ነው። እሷም «የኋላ ወንበር» በሚል ስም መጻፍ ጀመረች።

«ፊት የሚቀመጡት ስለ ሞተር ያወራሉ» ብላ ነበር በመጀመሪያው ጽሑፏ። «እኔ የማወራው ከኋላ ነው። እግሬን ዘርግቼ እንኳ የፊቱን ወንበር አልነካም። እሺ፣ አጭር ነኝ፤ ቢሆንም! የዕቃ መጫኛው ደግሞ ጉድ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ሶፋ ልናስገባበት ሞክረን ግማሹ ገባ። ሌላውን ግማሽ ለሰፈሩ ሰው እያሳየን ሄድን።»

ሰዎች ወደዷት። «ጋሽ የኋላ ወንበር፣ እርስዎ ባይኖሩ ማን እውነቱን ይነግረን ነበር?» እያሉ ይጽፉላት ጀመር። አባቷ ይህን ለደንበኞቹ ጮክ ብሎ እያነበበ «ጋሽዬን ተመልከቱልኝ፤ ገና የወተት ጥርሷን አልጨረሰችም!» እያለ በሳቅ ይፈርስ ነበር።

ከስድስት ወር ወዲህ ግን ጋሽ የኋላ ወንበር አንዲት መስመር አልጻፉም። ከዚያ ከቁልቁለቱ ቀን ወዲህ።

የዚያን ቀን እናቷ ፊት፣ ድንቢጥ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ቁልቁለቱን እየወረዱ ኩርባው ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ጠፋ። አባቷ መሪውን በሁለት እጁ ታግሎ፣ ፍሬኑ ላይ ቆሞ፣ መኪናዋን አንድ ጎማዋ ቦዩ ጫፍ ላይ ሲደርስ አስቆማት። እናቷ አልጮኸችም። በሩን ከፍታ ወረደችና ቤት ድረስ በእግሯ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷና መኪናዋ ሆድና ጀርባ ናቸው። ሥራዋ ያለበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ሩቅ ነው፤ እንዲያም ሆኖ በእግሯ ትመላለሳለች።

ትናንት ማታ ደግሞ በገጹ በኩል ለድንቢጥ አንድ መልእክት ደረሳት። «ጋሽ የኋላ ወንበር፣ ሰላም ነዎት? ጽሑፎችዎን አንብቤ እንደ እርስዎ መኪና ያለች ልገዛ ወስኛለሁ። ነገ አንዷን ለማየት እሄዳለሁ። ከመግዛቴ በፊት ምኗን ልይ?» ድንቢጥ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አንብባ ስልኩን ከትራሷ ሥር ከተተችው። ዓለም ሰፊ ነው፣ የሚሸጠውም መኪና ብዙ ነው ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ጨርቁን አነሡ። ኮፈኑ ቀዝቅዟል። ድንቢጥ በደረቅ ፎጣ ወለወለችው።

ገዢዋ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች፣ ስትራመድ የምትቸኩል ሴት ናት። አዋላጅ ነርስ መሆኗን ስትናገር የድንቢጥ አባት ወዲያው «ሲስተር» ማለት ጀመረ።

«ይግቡ ሲስተር፣ ራስዎ ይንዷት። የእኔ ምስክርነት ምን ያደርግልዎታል።»

ድንቢጥም እንደ ልማዷ ከኋላ ተቀመጠች። ሲስተር ሞተሩን ስታስነሣ ድንቢጥ በስልኳ ሰዓቱን አየች። አባቷ ከፊት ሆኖ «እዚህ ጋ ወደ ግራ፣ እዚህ ጋ ወደ ቀኝ» እያለ ሰፈሩን በዐሥር ደቂቃ አዙሮ ሊመልሳት ነው፤ ይህንንም ድንቢጥ ታውቃለች።

«ትመቻለች» አለች ሲስተር። «እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ከዳገቱ ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ እመላለሳለሁ። መንገዱ ገደል ለገደል ነው። አምቡላንስ ሲጠፋ ምጥ የያዛትን ሴት ራሴ ይዤ ወደ ሆስፒታል እወርዳለሁ። ለዚህ ነው ኋላዋ ሰፊ የሆነ የፈለግሁት።»

«ኋላዋማ ሜዳ ነው» አለ አባቷ። ድምፁ ግን ትንሽ ሰለለ።

«ልክ ነዎት። በስልክ የሚጽፍ አንድ ሰው አለ፤ ጋሽ የኋላ ወንበር ይሉታል። እሱ ነው ልቤን የወሰደው። ቀልደኛ ነው፣ ግን አይዋሽም። አንድ ጊዜ እንዲያውም የበሩ እጀታ በብርድ እንደሚያስቸግር ጽፏል። ሻጭ ቢሆን እንዲህ ይጽፍ ነበር?» ሲስተር በመስታወቱ ድንቢጥን አይታ ፈገግ አለች። «ትናንት ጻፍኩለት፤ አልመለሰልኝም። ምናልባት መኪናውን ሸጦ ይሆናል።»

የድንቢጥ ጆሮዎች ጋሉ። አባቷ ወደ ኋላ ዞሮ አላያትም፤ አንገቱ ግን ቀጥ ብሎ ቀረ።

ወደ ግቢ ሲመለሱ ሞተሩ ከተነሣ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሆኖታል። ሲስተር ወርዳ በሮቹን ከፈተች፣ ዘጋች፤ ከኋላ ገብታም ተቀመጠች። «ይቺ ጎን ከፍ ትላለች ልበል?»

«እሷ የልጄ ቦታ ናት» አለ አባቷ። «ትንሽ ሆና መንገዱ አይታያትም ነበር።»

ሲስተር ወንበሩን በእጇ ዳሰሰችውና «እንዲህ ልጁን የሚያስብ ሰው የያዛት መኪና ምን ትሆናለች» አለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከወንድሟ ጋር መጥታ ግዢውን ልትጨርስ ተስማማች፤ ሄደችም።

አባቷ በሩን ዘግቶ ወደ ድንቢጥ ዞረ። «መልሺላት» አለ።

«ምን ብዬ?»

«እንደ ድሮው አድርገሽ። ጥሩ ናት በያት። ሁለት መስመር ይበቃል።»

«አባዬ፣ በዳገቱ ነው እኮ የምትሄደው።»

«ሰምቻለሁ! ጆሮ አለኝ።» ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ ልጄ። ወንበር ከደንበኞች ቤት ድረስ ሄዶ አንሥቶ፣ ሰፍቶ የሚመልስ ሰው መጥቷል። ደንበኞቼ አንድ በአንድ ወደ እሱ እየሄዱ ነው። እኔም እንደ እሱ ወንበር የማመላልስበት ትንሽ የጭነት መኪና ካልገዛሁ በቃ፣ ሱቁን መዝጋት ነው። እውነቱን ከተናገርን ደግሞ ይቺን ማንም በግማሽ ዋጋ አይነካትም። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሸጠው። እኔ ብቻ መልአክ ልሁን?»

አባቷ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። ማንም ሳያዘው የጠመመ ስፌት እንኳ ፈትቶ እንደገና ይሰፋል። አሁን ትከሻው ወርዶ ወደ ሱቁ ገባና የስፌት መኪናውን መርገጥ ጀመረ።

እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። «ጥሩ ናት» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። «ሰላም ሲስተር፣ መኪናዋ» ብላ ጀመረች፤ እሱንም አጠፋችው። ብትዋሽ ማን ያውቃል? ጋሽ የኋላ ወንበር የሚባል ሰው የለም፤ የለም እንዳትል ደግሞ ሰዎች ቃሉን አምነው መኪና ይገዛሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ብትናገርስ? አባቷን ከጀርባው መውጋት ሆኖ ተሰማት።

እናቷ ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ በእግሯ መጣች። ጫማዋን አራግፋ እጇን እየታጠበች «ምን ዐይነት ሰው ናት ገዢዋ?» አለች።

«አዋላጅ ናት። ከዳገቱ ማዶ ነው የምትሠራው። ምጥ የያዛቸውን ይዛ ትወርዳለች።»

እናቷ ቧንቧውን ዘጋች። እጇንም ሳትጠርግ፣ «ዳገት ያለው ቁልቁለትም አለው» አለች። ምሳዋን በልታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ድንቢጥ ተነሣች። የመኪናው ቁልፍ ሱቁ በር ላይ፣ ከትልቁ መቀስ አጠገብ፣ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ እየሰፋ ነው። ቁልፉን ድምፅ እንዳያሰማ በመዳፏ ጨብጣ ወጣች። እንዴት እንደሚያስነሡት እሱ ራሱ አስተምሯታል፤ ካምቢዮው መቆሚያው ላይ መሆኑን አይታ፣ የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ ቁልፉን አዞረች።

ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። እንደ በግ የዋህ።

ከሾፌሩ ቦታ ወረደችና ከኋላ ገባች። በቦታዋ ላይ ስትቀመጥ ጭንቅላቷ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። በስልኳ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ሲስተር፣ የኋላ ወንበር እኔ ነኝ፤ ጠዋት ከኋላዎ የተቀመጥሁት ልጅ። ሲሞቅ ሞተሩ ይጠፋል። ዘጠኝ ሰዓት ሲመጡ ሞቆ ይጠብቅዎታል፣ በዐይንዎ ያያሉ። ቶሎ ስላልመለስሁልዎ ይቅርታ።» ጣቷ መላኪያው ላይ ሲደርስ ቆመ።

የስፌት መኪናው ድምፅ ተቋረጠ።

አባቷ ክር በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ወጣ። መኪናዋን አየ፣ ከኋላ የተቀመጠችውን ልጁን አየ። መጥቶ የፊቱን በር ከፈተና እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

«እናትሽ ናት ያዘዘችሽ?»

«አይ። ራሴ ነኝ።»

እጁ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሾፌሩ ቦታ ላይ ተቀመጠ፤ አንድ እግሩ ውጭ፣ አንድ እግሩ ውስጥ። በመስታወቱ አያት። እሷም አላቀረቀረችም። ዐይኑ ቀልቷል፤ የተቆጣም ያዘነም ይመስላል።

«ስንት ደቂቃ ሆነው?» አለ በመጨረሻ።

ስልኳን አየች። «ዐሥራ ሁለት።»

አባቷ እጁን ከቁልፉ ላይ አነሣና ጭኑ ላይ አሳረፈው።

«ሃያ አምስት ሊሞላ ገና ነው» አለ።

ድንቢጥ መላኪያውን ተጫነች።